ከአንድ ፎቶ ፊልሙን ማወቅ፦ የምስል መፈለጊያዎች በሆረር ሲፈተኑ

ጉግል ሌንስ፣ ያንዴክስ፣ ቢንግና ቲንአይ ፊልም አያውቁም። የሚያውቁት ምስል ነው፤ ያውም ሰው ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈውን። ብዙ ሰው ካላየው ሆረር ፊልም የተወሰደ ነጠላ ፎቶ ቀርቦ «ይህ ምን ፊልም ነው?» ሲባል፣ አራቱንም ቢያዳርሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጨለማ ኮሪደር፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴትና የስልክ ስክሪን ማስዋቢያ ነው። ስለዚህ እነዚህን አገልግሎቶች ስንመዝን «አገኘ ወይስ አላገኘም» ብሎ ማቆም አይበቃም። ሳያገኝ ሲቀር የሚሰጠው ውጤት ፍንጭ ይሆናል ወይስ ያሳስታል? በሆረር ፊልም ላይ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው።

ከመፈለጊያዎቹ በፊት ግን ፎቶው ራሱ መስተካከል አለበት። ከሚከሽፉት ፍለጋዎች ብዙዎቹ የሚከሽፉት ፎቶው እንደመጣ ስለሚጫን ነው። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ጠርዝ ይቆረጥ፤ ማዕዘን ላይ የተለጠፈ ሎጎ ወይም የትርጉም ጽሑፍ ካለም አብሮ ይውጣ። መፈለጊያው እነሱንም የምስሉ አካል አድርጎ ነው የሚያነበው።

ከዲቪዲ በቀጥታ የተወሰደ ፎቶ ሌላ ችግር አለው። ኤንቲኤስሲ የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት በያዙ አገሮች (ለምሳሌ አሜሪካ) ዲቪዲ 720 በ480፣ ፓል የተባለውን በያዙት (ለምሳሌ አብዛኛው አውሮፓ) ደግሞ 720 በ576 ፒክስል ነው፤ ፒክስሉ ግን ካሬ አይደለም። ማጫወቻው ሲያሳየን አስተካክሎ ይዘረጋዋል። ፎቶው ብቻውን ሲወጣ ይህ ስለማይደረግለት ቅርጹ ይዛባል፣ ለምሳሌ በሰፊ ስክሪን ፊልም ላይ ሰዉ ሁሉ ቀጭንና መልከ ረጅም ሆኖ ይታያል፤ መፈለጊያውም ከትክክለኛው ቅጂ ጋር ማመሳሰል ያቅተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰፊ ስክሪን ከሆነ 720 በ480 የነበረውን ወደ 854 በ480፣ 720 በ576 የነበረውን ወደ 1024 በ576 መዘርጋት። የድሮው 4 ለ3 ቅርጽ ከሆነ ደግሞ ወደ 640 በ480 ወይም ወደ 768 በ576 ማምጣት።

በተንቀሳቃሽ ነገር ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ አግድም መስመር ከታየ ምስሉ ኢንተርሌስ ነው፤ ማለትም በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች የተያዙ መስመሮች ተሰባጥረውበታል። በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም «ዲኢንተርሌስ» ማድረግ በቂ ነው። ጨለማ ፎቶ ላይ ደግሞ ኮንትራስት ከመጨመር ጋማውን (የመካከለኛውን ብርሃን መጠን) ወይም ጥላውን ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ኮንትራስት ጨለማውን ይብስ ያጠቁረዋል። በመጨረሻም ፎቶውን ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጦ ሁለተኛ ቅጂ ማስቀመጥ ይገባል። የቅጂ መብት ቁጥጥርን ለማምለጥ ተገልብጠው ከተጫኑ ቪዲዮዎች የሚወጣ ፎቶ ብዙ ነው።

አሁን ወደ መፈለጊያዎቹ። መጀመሪያ የሚሞከረው ጉግል ሌንስ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የምስል ክምችቱ ሰፊ ነው፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሳጥን እያጠበቡ አንድ ነገር ብቻ ማስፈለግ ይቻላል፣ በጽሑፍ ላይም ጎበዝ ነው። የሱቅ ታፔላ፣ የጋዜጣ ርዕስ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለ ስም ካለ ያነበዋል፣ ይተረጉመዋልም። ጉዳቱ የገበያ ጠባዩ ነው። አንዲት ሴት በቢላ ስትባረር የሚያሳይ ፎቶ ሲሰጡት የቀሚሷን ዋጋ ይዞ ይመጣል። ይህን ለማቆም ከምስሉ ጋር «ሆረር ፊልም ትዕይንት» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መጨመር ነው። አሥርተ ዓመቱ ከተገመተም «1970ዎቹ» ብሎ ማከል ውጤቱን በጣም ያጠራዋል። ጽሑፉ ግን ይመራዋል፤ የተሳሳተ ግምት ከጻፉለት የተሳሳተውን የሚደግፍ ምስል ፈልጎ ያመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ።

ያንዴክስ በፊት ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ፎቶው ላይ የተዋናይ ፊት በግልጽ ከታየ፣ ሙሉ ትዕይንቱን ትቶ ፊቱን ብቻ ቆርጦ ለያንዴክስ መስጠት ነው። ፊልሙን ባያውቀውም ያንኑ ሰው በሌላ ፊልም፣ በሌላ ዕድሜ፣ በሌላ የፀጉር አቆራረጥ ሊያመጣ ይችላል። ስሙ ከተገኘ የተዋናዩን የፊልም ዝርዝር በዓመት ማየት ቀሪውን ይጨርሰዋል። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፦ መልክ የሚመስል ሰውንም በልበ ሙሉነት ያቀርባል፤ ጭንብል፣ ደምና ከባድ ሜካፕ ሲኖር ደግሞ ምንም አይፈይድም። ጭራቁን ትታችሁ ከኋላው የሚጮኸውን ሰው ቁረጡ።

ቲንአይ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የካናዳ አገልግሎት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ጠባብ ነው፤ ያንኑ ምስል፣ ቢቆረጥም ቢያንስም ቀለሙ ቢቀየርም፣ የት የት እንደተለጠፈ ይነግራል። ተመሳሳይ ምስል አይፈልግም፣ ፊትም አይለይም። ብዙ ሰው «ምንም አላገኘልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን እሱ ምንም አላገኘም ማለት ራሱ መረጃ ነው። ካገኘ ውጤቱን «በጣም የቆየው» በሚለው መደርደር ይጠቅማል፤ ፎቶው እየተቀባበለ ስሙን ከማጣቱ በፊት የነበረበት ገጽ ላይ የፊልሙ ርዕስ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቀኑ ግን ቲንአይ ምስሉን ያገኘበት ቀን እንጂ ምስሉ የተሠራበት አይደለም። ቢንግ በመሀል ቤት ነው፤ ሌንስ ሲደክም ይሞከራል፣ ከዚያ በላይ ብዙ የሚባልለት የለም።

ስለ ቻትቦቶች አጭር ነገር። ፎቶ ተቀብለው የሚመልሱት ሰው ሠራሽ አስተውሎቶች ያለውን ነገር በመግለጽ ደህና ናቸው፤ «የ1970ዎቹ ስልክ፣ የአውሮፓ መስኮት» ይላሉ። የፊልም ስም ሲጠየቁ ግን ከማያውቁት ፊልም ይልቅ የሚያውቁትን ታዋቂ ፊልም ይመርጣሉ፣ ምክንያትም ይደረድሩለታል። መልሳቸውን እንደ አንድ ጥርጣሬ መያዝ እንጂ እንደ መልስ መቀበል አይገባም። ለዚህ ሥራ ከሁሉም የመጨረሻው ደረጃ የእነሱ ነው።

ሁሉም መፈለጊያዎች አብረው የሚሳሳቱበት አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፦ በፎቶው ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን። የሆረር ዳይሬክተሮች ገጸ ባሕሪያቸው የድሮ ሆረር ሲያይ ማሳየት ይወዳሉ። በ1978ው «ሃሎዊን» ውስጥ ልጆቹ የሚያዩት የ1951ን «ዘ ቲንግ ፍሮም አናዘር ወርልድ» ነው። የ1968ው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ደግሞ ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ማሳወቂያው ከፊልሙ ላይ ስለተረሳ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል ሆኖ ቀርቷል፤ በብዙ ፊልሞች ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ለዚህም ነው። መፈለጊያው ትንሿን ስክሪን አይቶ የዚያን ፊልም ስም ይሰጣል። ስክሪኑን በጥቁር ሸፍኖ እንደገና መፈለግ ነው።

መፈለጊያ ሲያልቅ የሚቀረው ፎቶውን ራሱን ማንበብ ነው፤ ጨዋታው የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ስፋቱን ለቁመቱ ማካፈል። ጥቁሩ ጠርዝ ከወጣ በኋላ 1440 በ1080 ከሆነ 1.33 ነው፤ 1920 በ1038 ከሆነ 1.85፤ 1920 በ817 ገደማ 2.35፤ 1920 በ804 ገደማ 2.39። 1792 በ1080 አካባቢ ከመጣ 1.66 ነው፤ ይህ ቁጥር ዓይን ሊያበራ ይገባል፣ ምክንያቱም 1.66 በዋናነት የአውሮፓ ቅርጽ ነው። አሜሪካውያን ከ1950ዎቹ ወዲህ ለመደበኛ ፊልም 1.85ን ሲይዙ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ውስጥ 1.66 ለረጅም ጊዜ ሠርቷል።

1.33 ግን አታላይ ነው። ድሮ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ለቴሌቪዥን የተሠራ ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ከቪኤችኤስ (ከድሮው የቪዲዮ ካሴት) የተቀዳ ሰፊ ፊልም ማለትም ሊሆን ይችላል። 2.35 የነበረ ፊልም ለቴሌቪዥን ተቆርጦ 1.33 ሲሆን ከስፋቱ 43 በመቶው ይጠፋል። ስለዚህ በጠርዙ ላይ ግማሽ ፊት ወይም ከትከሻ የተቆረጠ ሰው ካለ፣ ያ የካሜራማኑ ምርጫ ሳይሆን የቴፑ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው 1.85 እንዲሆን የታሰበ ፊልም ሳይሸፈን በሙሉ ቁመቱ ወደ ቪዲዮ ሲገለበጥ ከሰዎቹ ራስ በላይ ባዶ ቦታ ይበዛል፤ አንዳንዴ የድምፅ መቅጃው ማይክ ከላይ ብቅ ይላል። ሰዎች ይህን አይተው «ርካሽ ፊልም» ይላሉ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን ምስሉ ከላይና ከታች ስለሚሸፈን ያ ማይክ አይታይም ነበር። ከሥር ጫፍ ላይ ጥቂት መስመሮች ተቆራርጠው ወደ ጎን ከተንሸራተቱ ምንጩ እንደ ቪኤችኤስ ያለ የቪዲዮ ቴፕ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሰፊ ምስል ከሆነ ከበስተጀርባ የደበዘዙትን መብራቶች ተመልከቱ። ወደ ላይ የተሳቡ ሞላላ ከሆኑ፣ ወደ ካሜራው የበራ መብራትም አግድም ጨረር ከሰነዘረ ሌንሱ አናሞርፊክ ነው፣ ማለትም ሰፊውን ምስል ከጎን ጨምቆ የሚቀርጽ። መብራቶቹ ድፍን ክብ ሆነው ምስሉ ግን 2.35 ከሆነ ነገሩ ይጣፍጣል፦ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ፊልም ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ቴክኒስኮፕ ነው። ጣሊያኖች የወደዱት ዘዴ ነው፤ ለአንድ ፍሬም (ለፊልሙ አንድ ነጠላ ምስል) የሚውለውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በግማሽ ስለሚቀንስ ርካሽ ነው፣ ተራ ሌንስ ይጠቀማል፣ በምላሹ ግን የፊልሙ ቅንጣት (ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የተበተነው ነጠብጣብ) ጎላ ብሎ ይታያል። ክብ መብራት፣ ጎላ ያለ ቅንጣት፣ 2.35፤ ሦስቱ ከተገናኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጃሎ የሚባለው የጣሊያን የግድያ ምሥጢር ፊልም ነው። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት የጄ ኤንድ ቢ ውስኪ ጠርሙስ ከተጨመረማ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ያ ጠርሙስ በዘመኑ የጣሊያን ፊልሞች ላይ የማይታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በሱፐር 35 (በተራ ሌንስ ሰፊ ምስል የሚቀረጽበት ሌላ ዘዴ) የተቀረጹ ፊልሞችም ክብ መብራት አላቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከልብስና ከዕቃ ዘመኑን መለየት ይቀድማል።

ቀለም ላይ ብዙ አትመኩ። ምስሉ ሮዝ ሆኖ ሰማዩም ሣሩም የገረጣ ከሆነ ኢስትማንከለር በተባለው የኮዳክ ባለቀለም ፊልም የታተመ የድሮ ኮፒ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ደብዝዞ ነው፤ ከ1950ዎቹ እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ ያሉ ኮፒዎች በዚህ ይታወቃሉ። ይህ ስለ ኮፒው ዘመን ይናገራል፣ ስለ ፊልሙ ዓይነት ምንም አይልም። አዳዲስ ብሉሬዮች ደግሞ ያንኑ ትዕይንት ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ስለሚስቡት፣ ከአንድ ፊልም ሁለት ዲስክ የወጣ አንድ ፍሬም ሁለት የተለያየ ሌሊት ሊመስል ይችላል።

ፎቶው ውስጥ መኪና ካለ ግን ዕድለኛ ናችሁ። አይኤምሲዲቢ የተባለው በፊልም የታዩ መኪናዎች ቋት ለዚህ ሥራ ከሁሉም መሣሪያ የላቀ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በፋብሪካና በሞዴል ይፈለጋል፤ ያ መኪና የታየባቸው ፊልሞች ከፎቶ ጋር ይደረደራሉ፤ መኪናው በፊልሙ ውስጥ ያለው ድርሻ በኮከብ ተመድቧል፤ ዝም ብሎ ከኋላ የቆመውና ገጸ ባሕሪው የሚነዳው ይለያያሉ። ምስል መፈለጊያ የማያውቀው ፊልም እዚህ ተመዝግቦ የሚገኘው የመኪና ወዳጆች የፊልሙ ታዋቂነት ስለማይገዳቸው ነው፤ የማይረባ ፊልምም ቢሆን ጥሩ ላንቻ (የጣሊያን መኪና) ከታየበት ይመዘግቡታል። ድክመቱ በብዛት የተሸጠ መኪና ላይ ነው። ቮልስዋገን ቢትል ይዞ መግባት ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ውስጥ መስጠም ነው። ለጦር መሣሪያ ተመሳሳይ ቋት አለ፣ አይኤምኤፍዲቢ ይባላል፤ ለሆረር ግን ጥቅሙ ያንሳል፣ ገዳዮቹ ቢላ ይመርጣሉ።

ሞዴሉ ካልታወቀ ታርጋው ይናገራል። ረጅምና ጠባብ ከሆነ አውሮፓ፣ አጠር ብሎ ሰፋ ያለ (12 በ6 ኢንች) ከሆነ ሰሜን አሜሪካ። ፊት ለፊት ነጭ፣ ከኋላ ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ እንግሊዝ ነው፤ እዚያ ለአዲስ መኪና ግዴታ የሆነው ከ1973 ነው። ካሊፎርኒያ ከ1963 ጀምሮ ጥቁር ላይ ቢጫ ፊደል፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ደግሞ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሰጥታለች። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል፦ አሮጌ መኪና አሮጌ ታርጋውን ይዞ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ታርጋ «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» ያሰኛል እንጂ «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» አያሰኝም። ስልክም እንደዚሁ ነው። በቁልፍ የሚደወል ስልክ አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1963 ነው፤ በጣት የሚሽከረከረው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ነበር።

ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ፊልሙ የተቀረጸበትን ቦታ ነው፣ ታሪኩ የሚካሄድበትን አይደለም። «ሃሎዊን» በታሪኩ ኢሊኖይ ነው፣ የመኸር ወቅት ነው፤ የተቀረጸው ግን ደቡብ ካሊፎርኒያ ስለሆነ ከቤቶቹ ኋላ ዘንባባ ይታያል። በደብዳቤና በጋዜጣ ላይ ያለ ቋንቋም አይታመንም። ለተለያዩ አገሮች የሚሸጥ ፊልም አንዳንዴ የጽሑፍ ትዕይንቶቹን በየቋንቋው ደግሞ ይቀርጻል። በ1980ው «ዘ ሻይኒንግ» የታይፕራይተሩ ገጽ ለጣሊያን፣ ለጀርመን፣ ለፈረንሳይና ለስፔን ተመልካች በየራሳቸው ቋንቋ ተተይቦ ነው የተቀረጸው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የታየበት ፎቶ የሮም ስቱዲዮ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የሚገባው ወደ አይኤምዲቢ (ትልቁ የኢንተርኔት የፊልም ቋት) የላቀ ፍለጋ ነው። ዘውጉን ሆረር፣ አገሩን የተጠረጠረውን፣ ዓመቱን በአምስት ዓመት ክልል ማድረግ። ብዙ ሰው የማይነካው ቅንብር የድምፅ ብዛት፣ ማለትም ለፊልሙ ነጥብ የሰጡ ተጠቃሚዎች ቁጥር ነው፤ ከፍተኛውን 3000 ወይም 5000 ላይ ማሰር ታዋቂዎቹን ፊልሞች በአንዴ ያስወግዳል። ቁልፍ ቃል ላይ የተለየውን መጻፍ ነው፤ «ቢላ» ምንም አይፈይድም፣ «የሰም ምስል» ወይም «የአካል ጉዳተኛ ወንበር» ዝርዝሩን ያጠበዋል። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የሚያስገቧቸውም ተጠቃሚዎች ስለሆኑ ባልታወቀ ፊልም ላይ ይሳሳሉ፤ ባዶ ውጤት ሲመጣ ቁልፍ ቃሉን አንስቶ በዓመትና በአገር ብቻ መሞከር ይገባል። ሌተርቦክስድ (የፊልም ወዳጆች ማኅበራዊ ገጽ) ለዚህ ደረቅ ፍለጋ ደካማ ነው፤ ተጠቃሚዎች በጭብጥ የሰበሰቧቸው ዝርዝሮች ግን፣ ፖስተሩን በዓይን እየጠረጉ ለማለፍ፣ ከአይኤምዲቢ ይመቻሉ።

ዓይን ለማሠልጠን ፍሬምድ የተባለው ዕለታዊ ጨዋታ ይመከራል። በቀን አንድ ፊልም፣ ስድስት ፎቶ፣ ስድስት ግምት፤ ስህተት በተባለ ቁጥር የሚቀጥለው ፎቶ ይከፈታል። የመጀመሪያው ፎቶ ብዙ ጊዜ ፊት ስለማይኖረው ብርሃንንና ዕቃን ማየት ያስገድዳል። ፊልሞቹ ግን ብዙ ሰው ያያቸው ናቸው፤ ሲጽፉ የሚመጣው የርዕስ ዝርዝርም ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ለብርቅ ሆረር ፈላጊ ቀላል ነው።

ከ2022 ወዲህ አንድ ነገር ተጨምሯል፦ ኖሮ የማያውቅ ፊልም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት «የ1980ዎቹ ጠፍቶ የቀረ ሆረር» እያስመሰለ የሚሠራቸው ፎቶዎች በዝተዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈለጉ አይገኙም። ታፔላና መጽሐፍ ላይ ያሉ ፊደላትን አጉልታችሁ ተመልከቱ፣ ፊደል መስለው ቃል የማይሆኑ ከሆኑ ነገሩ አብቅቷል። ጣቶችን ከመቁጠር ይህ ይሻላል፣ ጣት እየተሻሻለላቸው ነው። የቅንጣቱ ሁኔታም ያጋልጣል፤ በእውነተኛ ፊልም ላይ ቅንጣቱ በምስሉ ሁሉ አለ፣ በሐሰተኛው ደግሞ ፊት ላይ ይለሰልስና ግድግዳ ላይ ይጎላል።

ስም ከተገኘ በኋላ ማረጋገጥ። አይኤምዲቢ ላይ ያለውን የፊልሙን የቴክኒክ ገጽ ከፍቶ የምስሉን ቅርጽ ካሰላችሁት ቁጥር ጋር ማስተያየት፤ 1.66 አስልታችሁ ፊልሙ 2.35 ከሆነ ወይ ፎቶው ተቆርጧል ወይ ፊልሙ ሌላ ነው። ከዚያ ትሬለሩን ማየት። ፊልሙን ሁሉ ፈትሾ ፍሬሙን ማጣትም ያጋጥማል፣ ይህ ግን መልሱ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ ለማስታወቂያ የሚውሉት ፎቶዎች በፎቶ አንሺ ካሜራ፣ ከፊልም ካሜራው ጎን ቆሞ የተነሱ ስለሆኑ ማዕዘናቸው በፊልሙ ውስጥ የለም። ከፍሬም የጠሩ ናቸው፣ ተዋናዮቹም ሲሮጡ እንኳ አይደበዝዙም፤ ታች ጥግ ላይ የስቱዲዮ ቁጥር ካለባቸው ደግሞ ምንም አያጠያይቅም። ርዕሱ ላይም መጣላት አይገባም። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሉቺዮ ፉልቺ በ1979 ያወጣው ፊልም በጣሊያን «ዞምቢ 2»፣ በአሜሪካ «ዞምቢ»፣ በእንግሊዝ «ዞምቢ ፍሌሽ ኢተርስ» ነው፤ ከሦስቱ የትኛውንም የጻፈ ሁሉ መልሱን አግኝቷል።